ሽጉጥ ልገዛ ነው ላላችሁኝ ልጆች

በቅርቡ ሦስት ወጣቶች ለየብቻ መጥተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። አንዷ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ሱቅ የምታመሽ ናት። አንዱ ፓርኪንግ ይሠራል። ሦስተኛው ቤት የገዛ አዲስ አባወራ ነው። "ጋሼ፣ ከልብስ ስር የሚያዝ ትንሽ ሽጉጥ የትኛው ይሻላል?" አሉኝ። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ 22 ዓመት ታጥቄ በጥበቃ ሠርቻለሁ። አሁን ተኩስ አስተምራለሁ። ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌደራል ሕግ ሽጉጥ መግዛት ይችላል። በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መግዛት ቀርቶ በእጁ መያዝም አይፈቀድለትም። ዜግነት ያልወሰደ ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ነገሩ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ቀድማችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ሽጉጡ ይደርሳል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ የሚሰጠው የምትኖሩበት አካባቢ ሰርኪት ፍርድ ቤት ነው። ዕድሜያችሁ 21 መሙላት አለበት። ከ2021 ጀምሮ ሥልጠናው በአካል ካልሆነ አይቆጠርም። ፈቃዱ 5 ዓመት ያገለግላል። የፖቶማክን ወንዝ ስትሻገሩ ግን አይሠራም፤ ዲሲም ሜሪላንድም የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። ብዙዎቻችን ደግሞ እዚህ እያደርን እዚያ ነው የምንውለው። ድልድዩን በረሳችሁበት ቀን ሕይወታችሁ ይበላሻል። ኡበርና ሊፍት የምትነዱም ደንባቸውን አንብቡ፤ ሾፌሩ ሥራ ላይ ሽጉጥ እንዲይዝ አይፈቅዱም።

አሁን ወደ ሽጉጡ እንሂድ።

እኛ ያደግነው መሣሪያ ለዓይን በሚያዝበት አገር ነው። ሠርግ ላይ ይተኮሳል። ትከሻው ላይ ያነገተ ሰው ይከበራል። ይሄ ልማድ እዚህም ይከተለናል መሰለኝ፣ ወጣቶቹ ሲመርጡ የማየው በመልኩና በስሙ ነው። ሸሽጋችሁ የምትይዙት ሽጉጥ ግን ማንም አያየውም። መልኩ ለማን ነው?

ትንሽ ሽጉጥ ለመያዝ ይመቻል፣ ለመተኮስ ግን ያስቸግራል። አካሉ ቀላል ስለሆነ ሲተኮስ እጅን ይመታል። እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው ታጣለች። የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ ስለሚቀራረቡ ትንሽ ስህተት ዒላማው ላይ ትልቅ ትሆናለች። ለምሳሌ ግሎክ 19ን እዩ። ከ1988 ጀምሮ አለ፣ 15 ጥይት ይይዛል፣ ባዶውን 670 ግራም ገደማ ነው። በ2018 የወጣው ሲግ ፒ365 ደግሞ 500 ግራም ገደማ ሆኖ 10 ጥይት ይይዛል። ሁለቱም የሚተኩሱት 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። ፒ365ን በሸሚዝ ስር ማንም አያውቅባችሁም። በግሎክ 19 ግን ጀማሪ ቶሎ ያነጣጥራል። እኔ ለጀማሪ መሃለኛውን እመርጣለሁ፤ እንደ ግሎክ 43ኤክስ ያለ፣ ቀጠን ያለ ግን እጀታው ሙሉ እጅ የሚይዝ። የምትወስኑት ግን ተኩሳችሁ ነው። ብዙ የተኩስ መለማመጃዎች ሽጉጥ ያከራያሉ። ሦስት አራቱን ሞክሩ።

አስተማማኝነት ላይ አንድ የራሴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በጣም ትንሽ ሽጉጥ ገዛሁ። ሁሉም ሲያመሰግነው ሰምቻለሁ። ለልምምድ ወሰድኩት፤ 20 ጥይት ሳልጨርስ ነከሰ። ቀለሁ ሳይወጣ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። አጸዳሁት፣ ቀጠልኩ፣ ደገመኝ። ጥይት ቀየርኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ ጥይት የሚሞላባቸው ሁለቱ ካዝናዎች ላይ በቀለም 1 እና 2 ብዬ ጻፍኩ። ሲቆጠር ከአንዷ በቀር የነከሰው ሁሉ በ2ኛው ነበር። የካዝናው ከንፈር ትንሽ ተከፍቷል። ያቺ አንዷ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነበረች፤ ደክሞኝ የእጄ አንጓ ላልቷል። የሽጉጡ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተንሸራትቶ እንዲመለስ ጠንካራ እጅ ይፈልጋል። ትንሹ ሽጉጥ ላይ ይሄ ይብሳል፣ ምክንያቱም የሚንሸራተተው ብረት ጉዞ አጭር፣ ምላሹም ፈጣን ነው።

ያን ቀን ማታ እሱን ሽጉጥ ይዤ ሥራ ብወጣ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማዘው ይሄ ነው። ቢያንስ 200 ተራ ጥይት ተኩሱበት። ከዚያ ይዛችሁ ከምትዞሩት ጥይት 50 ጨምሩ። የመከላከያው ጥይት ጫፉ ጎድጓዳ ስለሆነ ከካዝና ወደ በርሜሉ ሲገባ ከተራው ይለያል፤ ተራውን በደንብ የሚበላ ሽጉጥ ያንን ሊነክስ ይችላል። በሁሉም ካዝና ተኩሱ። መሃል ላይ ከነከሰ ምክንያቱን ፈልጉና ቆጠራውን ከአንድ ጀምሩ። ጥይት ውድ ነው፣ አውቃለሁ። በጀታችሁ ካልበቃ ርካሽ ሽጉጥ ሳይሆን ትንሽ ቆይታችሁ ግዙ።

አፎቱ ላይ አትቆጥቡ። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ጠንካራ፣ ሽጉጡ ሲወጣ የማይጨፈለቅ ይሁን። ቀበቶውም ጠንካራ ይሁን። ከቁልፍና ከሊፕስቲክ ጋር ቦርሳ ውስጥ መጣል በፍጹም አይሆንም። ቦርሳ ይቀመጣል፣ ልጅ ይከፍተዋል።

ቤት ስትገቡ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ። ቤት ውስጥ ሐዘን ወይም ጭንቀት የከበደው ሰው ካለ ሽጉጡን ከቤት አውጡት፤ በዚህ አገር በመሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሞተው በገዛ እጁ ነው። እናንተም ብትሆኑ ያው ነው፣ ለሰው መንገር አሳፋሪ አይደለም። ሐበሻ ምግብ ቤት ስትሄዱም እወቁ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ሽጉጥ ሸሽጎ የገባ ሰው አንድ ቢራ እንኳ መጠጣት አይችልም።

ሱቅ የምታመሸዋ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ አራት ዓይነት ተከራይታ ተኮሰች። መጀመሪያ የጓጓችለትን፣ ከሁሉም ትንሹን፣ አምስት ጥይት ሳትጨርስ መለሰችው። የመረጠችው ካሰበችው ከፍ ያለ ነው። አሁን 140 ተኩሳለች፣ እስካሁን አልነከሰም። 110 ይቀራታል፤ እስኪያልቅ ድረስ ሽጉጡ ሳጥን ውስጥ ነው።