ያ ወተት ምን አለ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ሰንዳፋ አካባቢ ካሉ የወተት ላሞች ናሙና ሰብስባለች። ጥያቄዋ አጭር ነው። «ዶክተር፣ ውጤቱን ለባለ ላሞቹ መመለስ ይጠበቅብኛል እንዴ? ፕሮፖዛሌ ላይ የለም። ለመመለሻ የተያዘ የነዳጅ ገንዘብም የለኝም።»

«አዎ» ብዬ ልገላገል እችል ነበር። ግን ስልኩን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ሱሉልታ ትዝ አለችኝ።

መጋቢት 1994 ዓ.ም. ነው። ሁዳዴ ገብቷል። ከተማው ሲጾም ወተት ገዢ ያጣል፣ ባለ ላሞች ትንሽ ፋታ ያገኛሉ። ለጥናታችን የወተት ናሙና ለመሰብሰብ ያንን ወር የመረጥነው ለዚህ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አንዲት እናት በረት ደረስኩ። እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ሦስት ድቅል ላሞች አሏቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በወተቱ ነው። የሱሉልታን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እስክሪብቶ መያዝ አቅቶኝ ነበር።

በረታቸው ንጹህ ነው። አዛባው ተጠርጎ ወጥቷል። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ሚስማር ላይ የተሰቀለች ሰማያዊ ፎጣ አነሱ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከሯት፣ የመጀመሪያዋን ላም የቡሬን ግት ጠረጉ። ጨመቋት። በዚያችው ፎጣ ሁለተኛዋን ላም ጠረጉ። ነከሩ፣ ጨመቁ፣ ሦስተኛዋን ጠረጉ። ፎጣዋ ሚስማሯ ላይ ተመለሰች። ቡሬ የምትቀድመው ብዙ ስለምትታለብ ነው።

እኔ ደግሞ ከየጡቱ ትንሽ ትንሽ ወተት አራት ጎድጓዳ ባለው መፈተሻ ሳህን ላይ አለብኩ። ፈሳሹን እኩል ጨምሬ ሳህኑን ቀስ አድርጌ አዞርኩት። የሁለቱ ላሞች ደህና ነበር። የቡሬ የኋላ ግራ ጡት ወተት ግን ወፈረ። እንደ እንቁላል ነጭ ተሰብስቦ መሃል ላይ ቆመ። ፈሳሹ በወተቱ ውስጥ ያሉትን ነጭ የደም ሴሎች ያፈነዳቸዋል፤ ከውስጣቸው የሚወጣው ነው እንዲያ የሚወፍረው። ሴሎቹ የሚበዙት ደግሞ ግቱ ውስጥ ጦርነት ሲኖር ነው። በዓይን ሲታይ ግን ምንም የለም። ግቷ አላበጠም፣ ወተቱ አልጓጎለም። ድብቅ የጡት በሽታ የምንለው ይህንን ነው።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ ፊቴን አይተው።

«ላብራቶሪ ይታያል እትዬ። እናሳውቅዎታለን።»

ቅጼን አወጣሁ። «ለሁሉም ላሞች አንድ ፎጣ ይጠቀማሉ?» ይላል። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ፎጣዋ ከፊቴ ተሰቅላ ውሃ ታንጠባጥባለች። እኔ ምልክት አድርጌ ወጣሁ። ቡሬ ቁጥር 47 ሆነች።

ላብራቶሪ ስታፊሎኮከስ አውሬየስ አበቀለ። ይህ ባክቴሪያ ከላም ወደ ላም የሚሄደው በአላቢ እጅና በፎጣ ነው። ግት ውስጥ ከሰረገ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ቁጥር 47 ሰንጠረዥ ውስጥ ገባች፣ ጥናቱ ታተመ፣ እኔም እድገት አገኘሁ።

ጥቅምት 1996 ዓ.ም. ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ ጎራ አልኩ። እትዬ ደስ ብሏቸው ቡና አፈሉ። በረቱ ውስጥ ሁለት ላሞች ብቻ ናቸው። ቡሬ ወተቷ እየነጠፈ ሲሄድ ለሉካንዳ ተሸጣለች። ከቀሩት አንዷ በሦስት ጡት ነው የምትታለበው። መሃል ላይ አንድ ሰው መጥቶ መርፌ ወግቶላቸዋል። ከመርፌው በኋላ ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይሸጥ የነገራቸው ግን የለም። እየሸጡት ነበር።

ሲኒውን እየሰጡኝ «ልጄ፣ ያ ወተት ምን አለ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስለ ፎጣዋም ነገርኳቸው። ተነስተው ሄደው ከሚስማሩ አወረዷት። ያቺው ሰማያዊ ናት፣ ነጣ ብላለች።

«ይቺ ናት?»

«አዎ እትዬ።»

«ያን ቀን አይተሃት ነበር?»

«አዎ።»

ምንም አላሉኝም። ሁለተኛውን ቡና ቀዱልኝ።

ላሞቹን ያሳመምኳቸው እኔ አይደለሁም። ግን ለሦስቱም ለየብቻ ቁራጭ ጨርቅ ይያዙ፣ ቡሬን መጨረሻ ይለቡ ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሲታለቡ ካበቁ በኋላ ጡቱን አዮዲን ውስጥ መንከር፣ ወዲያው እንዳይተኙ ድርቆሽ ማቅረብ፤ የጡቱ ቀዳዳ ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት ስለሚቆይ እበት ላይ ከተኙ ቆሻሻው ይገባል። ይኼን ሁሉ መኪና ውስጥ ለሾፌራችን ነግሬዋለሁ። ለእሳቸው አልነገርኩም።

እናቴ ግሬራዋን በወይራ ስታጥን ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ለሽታው ይመስለኝ ነበር። ጭሱ ባክቴሪያ እንደሚቀንስ የተማርኩት በኋላ ነው። እሷ ሳይንሱን አታውቅም፣ ሥራውን ግን ትሠራው ነበር። እኔ ሳይንሱን ይዤ ነው ዝም ያልኩት።

ስለ እጅ መታጠብና ወተት ስለማፍላት አልጽፍላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ማፍላት የማይፈታው እንዳለ ግን አስታውሱ። በ2008 ዓ.ም. አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ወተት ውስጥ ተገኘ የሚል ወሬ ሲነሳ ስልኬ አላርፍ አለ። በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች መርዙ በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በታች የሆነባቸው 9 ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ከዚያ በላይ ነበራቸው። «እናፈላዋለን እኮ!» ይሉኛል ባለ ላሞቹ። መርዙ በአብዛኛው የሚመጣው ላሞቹ ከሚበሉት ከሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነው፣ በእሳትም አይጠፋም። መፍትሔው መኖ ማስቀመጫው ውስጥ ነው። ይህንን ደግሞ እዚያው ቆሞ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል።

እውነቱን ልናገር፣ የዛሬ ልጆች ከበረት ትሸሻላችሁ። ናሙና ሰብሳቢ ልካችሁ ኮምፒውተር ላይ ትቀመጣላችሁ። ያናድደኛል። ግን ይቺ ልጅ የጠየቀችኝን እኔ በእሷ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም። ስለዚህ ያልኩት ሁላችሁንም አይመለከትም።

እንዲህ ብዬ መለስኩላት። «ልጄ፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ስልክ ይኑርሽ። ደህና ለሆኑት ደውዪ። ለታመሙት ግን በእግርሽ ሂጂ፤ ፎጣ በስልክ አይታይም።»

ትናንት ጻፈች። የታመሙት 14 ላሞች ናቸው። ቅዳሜ ሌሊት፣ አላቢዎቹ ሳይገቡ ልትደርስ ነው። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ዛሬ ነጭ አቡጀዲ ገዝቼ ቁራጭ ቁራጭ አድርጌ ቆርጫለሁ።