ኢንዳክሽን ስቶቭ ልገዛ ነው ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፣ ባለ4 ፕሌት ኢንዳክሽን ስቶቭ ከነኦቨኑ ልገዛ ነው፣ የቤቱ መብራት ይችለዋል ወይ፣ ምን ልጠንቀቅ ብለሻል። ከመለሱልሽ ውስጥ ግማሹ «አሪፍ ነው ግዢው» ይልሻል፣ ግማሹ «ይፈነዳል» ይልሻል። ሁለቱም ወገን ዕቃው ቤቱ ያለ አይመስለኝም። እኔ ጋ አለ። ለገጣፎ ነኝ። ከገዛሁት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ወር ያህል ሬሳ ሆኖ ኩሽናዬ ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ እኔን ስሚኝ።

ኢንዳክሽን ምን እንደሆነ ብዙ አላብራራም፣ ልትገዢ ደርሰሽ ታውቂዋለሽ፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው ጥቅል ሽቦ በማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያሞቅበት ነው።

1. መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን፣ ከዚያ ስቶቭ። እኔ ተገላቢጦሹን ነው ያደረግኩት። ነሐሴ 2017 ላይ ስቶቩን በፒካፕ አስጭኜ ግቢ ካስገባሁ በኋላ ነው የሚገጥም ሰው መፈለግ የጀመርኩት። ሰፈራችን ውስጥ ቀልጣፋ ልጅ አለ፣ የሁላችንንም ሶኬት የሚሠራ። እሱን ጠራሁት። «ማዘር፣ አታስቢ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰዓትም አልፈጀበት።

ቤታችንን የሸጠልን ሰውዬ ግቢው ውስጥ ብየዳ ይሠራ ነበር፤ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ፣ ማለትም መብራት በአንድ ሳይሆን በሦስት መስመር የሚገባበት፣ ትቶልን ሄደ። ያንቺም እንደዚያ ነው ብዬ ልቀጥል። ወደ ኩሽና የሚመጣው የድሮ ገመድ አራት ሽቦ አለው፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። ስቶቩ ይዞት የመጣው ገመድ ደግሞ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴና ቢጫ የተዥጎረጎረው ግራውንድ (የሾለከ መብራት ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ነው። ልጁ ግራውንዱን ለብቻው ከመጣ ሽቦ ጋር አሰረና ሰማያዊን ከሰማያዊ፣ ጥቁርን ከጥቁር፣ ቡናማውን ከቀዩ አገናኘ። አየሽ ምን ያህል ያምራል? ቢጫው ተረፈ። «ይሄስ?» አልኩት። «ትርፍ ነው ማዘር» አለና ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሎ ግድግዳው ውስጥ ከተተው።

እዚህ ጋ ቆም በይ። ገንዘቤ የጠፋው እዚች ጋ ነው። በድሮው የቀለም አሠራር ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሦስቱም ፌዝ (መብራቱን የሚያመጡ) ናቸው፤ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ጥቁሩ ነው። በአዲሱ ደግሞ ኒውትራል ሰማያዊ ነው፤ ጥቁሩ ፌዝ ሆኗል። አንድ ዓይነት ቀለም ናቸው፣ ሥራቸው ግን ተገለባብጧል። ፌዝ ከኒውትራል ጋር 220 ቮልት ነው። ፌዝ ከፌዝ ጋር 380 ነው። የስቶቩ ግራ ወገን 220 ብሎ ሲጠብቅ 380 ገባበት።

ብሬከሩን ሲያነሳው ስክሪኑ ቦግ አለ፣ አንዴ ጢን አለ፣ እኔም «እልል!» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ከውስጥ ጧ! ከመስታወቱ ጠርዝ ቀጭን ጭስ ወጣ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የተቃጠለ ፀጉርና ፕላስቲክ ባንድ ላይ። ልጁ ብሬከሩን መለሰና ዝም ብሎ ቆመ። እኔም ዝም አልኩ። ባለቤቴ ብቻ ነው ከሳሎን «ተገጠመ?» እያለ የሚጣራው።

ስለዚህ ማንም ኤሌክትሪሺያን በቀለም ብቻ ሲያገናኝ አትቀበዪ። ያቺ ጫፏ ላይ መብራት የምትበራ ካቻቢቴ ብቻዋን አትበቃም፤ ቮልቱን በቁጥር የሚያሳይ ሜትር ይያዝ። አንቺ ቆመሽ እያየሽ ይለካ። ፌዝ ከሚባለው እያንዳንዱ ሽቦ ወደ ኒውትራሉ 220 አካባቢ ማሳየት አለበት። የትኛውም ጥንድ 380 ካለሽ፣ ከሁለቱ አንዱም ኒውትራል አይደለም። ስቶቩ ከኋላው ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ትንንሽ የመዳብ ድልድዮችም አሉት። ለሲንግል ፌዝ ሌላ፣ ለሁለትና ለሦስት ፌዝ ሌላ አቀማመጥ አላቸው። ሥዕሉ እዚያው ክዳኑ አጠገብ ተለጥፏል። ሥዕሉን ሳያይ «አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ካለ ቡና አጠጪና ሸኚው። ሽቦ ከተረፈ ደግሞ ጠይቂ። ሽቦ ዝም ብሎ አይተርፍም።

2. ዋስትና። ይኼን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ወረቀቱ ላይ በትልቁ 1 ዓመት ይላል። ስቶቩን የሸጠልኝ ድርጅት የጥገና ክፍል ሄድኩ። አንዷ ልጅ ስልኳን እያየች «ወረፋ ያዢ» አለችኝ። የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ! ከማን ጋ ነው የምሰለፈው? ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ከለገጣፎ በታክሲ፣ ፀሐዩም ዝናቡም እየተፈራረቀብኝ። በመጨረሻ አለቃዋ መጣና «የኛ ባለሙያ ካልገጠመው ዋስትና የለውም» አለኝ። የት ተጽፏል ብዬ ብጠይቅ፣ ከወረቀቱ ጀርባ በጉንዳን ፊደል ያለውን አሳየኝ። እሺ፣ ጥፋቱ የነሱ አይደለም፣ 380 ያስገባሁት እኔ ነኝ። ግን ሲሸጡልኝ «ማን ይገጥምልሻል?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል? አንቺ ከመክፈልሽ በፊት ይኼን ጠይቂ፣ መልሱንም ደረሰኙ ላይ አስጽፊ።

በኋላ መርካቶ አንድ ጠጋኝ አገኘሁ፤ ሰውዬው ወርቅ ነው። ፈታታውና አሳየኝ። የግራው ቦርድ (ኤሌክትሮኒክሱ የተደረደረበት ሰሌዳ) ነዷል፣ መቆጣጠሪያውንም ይዞት ሄዷል፣ ኦቨኑ ግን ተርፏል። ሁለቱን ቦርድ ለመቀየር የዕቃውን ሲሶ ያህል ከፈልኩ። ቦርዱ እስኪመጣ ወራት ሄደ። ጳጉሜ 4 ቀን የህዳሴ ግድቡ ሲመረቅ፣ 5150 ሜጋ ዋት ሲባል በቴሌቪዥን እያየሁ፣ እኔ በረንዳ ላይ ከሰል እያራገብኩ ነበር። የእንቁጣጣሽ ዶሮም በዚያው ከሰል ተሠራ። ባለቤቴ እስካሁን በዚህ ይስቃል።

3. አቅም። የኔ ከኋላው የተለጠፈው 10 ሺህ ዋት ይላል፤ አራቱም ፕሌትና ኦቨኑ ባንድ ላይ ቢሠሩ ማለት ነው። ሲንግል ፌዝ ከሆንሽ ለ220 አካፍዪው፣ 45 አምፔር ገደማ ይመጣል። ምጣድሽ 3500 ዋት ከሆነ ሌላ 16 ጨምሪ። ቆጣሪሽና ከቆጣሪ ወደ ቤት የሚገባው ገመድ ይኼን ካልቻለ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ባለሁለት ፕሌቱን ግዢ። እሱም ባይሆን አቅም ለማስጨመር ማመልከቻ አስገቢና መልሱ ሲመጣ ትገዢያለሽ። ስቶቩ የራሱ ብሬከርና ከብሬከሩ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ገመድ ይኑረው። የምጣዱ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ሰዎች አሉ። በዲቫይደር የሚሰኩም አሉ፤ ለነሱ እግዜር ይሁናቸው። ለ32 አምፔር ባለ6 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ገመድ ይበቃል፣ ለ45 ባለ10 ካሬ ግዢ። ገመድ ላይ አትቆጥቢ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብሎኖቹ ጠብቀው ይታሰሩ። የላላ ብሎን ይሞቃል፣ የሞቀ ይቃጠላል። እኔ በስድስት ወሩ ብሬከሩን አጥፍቼ አስጠብቄያለሁ፤ አንዱ በእርግጥም ላልቶ ነበር።

ግራውንድን ረስቼው። ስቶቩ ከተጠገነ በኋላ አንድ እጄ ሲንኩ ላይ፣ አንዱ ስቶቩ ጠርዝ ላይ ሳለ ስስ ንዝረት ተሰማኝ። የግራውንዱን ሽቦ ተከትለን ስንሄድ ቆጣሪው ሳጥን ድረስ መጥቶ እዚያ ከምንም ጋር ሳይታሰር ቀርቷል! ያ ባለብየዳ ስንት ዓመት እንዲህ ኖሮ መትረፉ ይገርማል። አዲስ ዘንግ መሬት ውስጥ አስመታሁ፤ ሰው ሲነዝር ራሱ የሚቆርጠውን ባለ30 ሚሊአምፔር ብሬከርም አስገጠምኩ። ልጆች ካሉሽ ይኼን አትዝለዪ።

የመብራት መሄድና መምጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። አንቺ ሰፈር እንዴት እንደሆነ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ከብሬከሩ አጠገብ ቮልቴጅ ሲዛባ የሚቆርጥ፣ ሲስተካከልም ጥቂት ቆይቶ የሚመልስ መከላከያ ይገጠማል። ለመላው ስቶቭ የሚሆን ስታቢላይዘር ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። እያበሰልሽ መብራት ከጠፋ ድስቱን አንሺው። ከሥር ያለው ማቀዝቀዣ ፋን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፤ ትኩስ ድስት መስታወቱ ላይ ከቆየ ሙቀቱ ወደ ታች ወደ ቦርዱ ይወርዳል። በሌላ ጊዜም ሠርተሽ እንደጨረስሽ ፋኑ ሲጮህ ብሬከሩን አትዝጊበት፣ ራሱ ይቆማል።

4 ነው 5? ቁጥሩ ጠፋብኝ። ስለ ድስት ልንገርሽ።

ማግኔት ይዘሽ ጓዳሽን ዙሪ። ድስቱ ሥር ከተጣበቀ ይሠራል፣ ካልተጣበቀ አይሠራም። የአሉሚኒየም ድስቶቼ በሙሉ ወደቁ። ስቴንለስ የሚባለውም ሁሉ አይሆንም፣ በማግኔት ሞክሪው። የሸክላ ድስትና ጀበና አይታሰብም። ቡናዬን አሁንም በከሰል ነው የማፈላው፣ ከዚያ ደግሞ አልወጣም። ግን እባክሽ ከሰሉን በር ዘግተሽ ቤት ውስጥ አታንጂ። እንጀራም በድሮው ምጣድ ነው። ታዲያ ምጣዱ ላይ ሳለሁ ኦቨኑን አልነካም።

ሽንኩርት ያለ ዘይት ስታቁላዪ ተጠንቀቂ። እኔ በከሰል ልማዴ መጨረሻው ላይ አድርጌ በርበሬ ልቀዳ ዞር ብል፣ ድስቱ ሥር ከሰል ሆኖ ጠበቀኝ። ከ9 ቁጥር ውስጥ በ4 ይበቃል። ሽሮ በ2 እንኳን ይንተከተካል። ውሃ ለማፍላት ብቻ ነው 9 የማደርገው። እዚህ ከፍታችን ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ኃይል ስለጨመርሽ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባቄላና ሥጋ ቶሎ እንዲበስልልሽ ከፈለግሽ ሥሩ ማግኔት የሚይዝ ፕሬዠር ኩከር ግዢ።

ጽዳቱ ቀላል ነው፦ ሲበርድ እርጥብ ጨርቅ ትንሽ ሳሙና ይዞ። ሽቦ አይነካውም። መስታወቱ ከተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ፀጉር ቢያህል እንኳን፣ ብሬከሩን አጥፊና አትጠቀሚበት፤ ወጥ ሲገነፍል በስንጥቁ ወደ ሽቦው ይወርዳል። ከላዩ መደርደሪያ ላይ ከባድ ነገር አታስቀምጪ። የኔ የበርበሬ ጣሳ ሁለት ጣት ያህል ስቶት ነው የወደቀው፣ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር።

አየር የሚገባበትን ክፍተት አትዝጊ። መርካቶ ያለው ጠጋኝ እንደነገረኝ፣ ብዙ ቦርድ የሚያቃጥለው በረሮ ነው፤ ሙቀት ፍለጋ ይገባና ሽቦ ያገናኛል። አማቴ ደግሞ ስቶቩ ስላማራቸው ዳንቴል አልብሰውት አገኘሁ። ላበስል ስል አነሳዋለሁ፣ ዞር ስል መልሰው ያለብሱታል። መስታወቱ ትኩስ ሳለ ዳንቴል ይቃጠላል ብዬ ብነግራቸው «አንቺ ደግሞ!» አሉኝ። አሁን ፍሪጁን አልብሰዋል፣ ተስማምተናል። ቤትሽ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ካለ ግን፣ ከመግዛትሽ በፊት ሐኪሙን ጠይቂ።

ይቆጨኛል ወይ? አይቆጨኝም። ጥላሸት የለም፣ ዓይኔ አያነባም፣ ሻይ ዞር ሳልል ይፈላል። ጎረቤቶቼ ለማየት መጥተው ሁለቱ ገዝተዋል፤ ሁለቱንም ሽቦውን ሳላይ አላስገጠምኩም። አንቺም ከመገጠሙ በፊት የሽቦዎቹን ፎቶ ላኪልኝ።

ወደናንተ አካባቢ የሚመጣ ኤሌክትሪሺያን ካጣሽ ደግሞ የሰፈራችንን ልጅ ስልክ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። አዎ፣ ያው ልጅ ነው። አሁን ሜትር ገዝቷል።