ብራኪዮፖድ ጥልቅ ባህር ውስጥ የት ይኖራል ላልሽው

እህቴ፣ «በህይወት ያሉ ብራኪዮፖዶች በጥልቅ ባህር ውስጥ የት ነው የሚገኙት?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን እንደሆነ ገብቶኛል። በዚህ ወር ይህን የሚጠይቅ ሌላ ማን አለ? እኔ ሱሉልታ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አምና ከልጆቼ ጋር ይህንኑ ርዕስ ይዘን ወጥተን ተዋርደን ተመልሰናል። ብራኪዮፖድ ሁለት ክዳን ባለው ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባህር እንስሳ መሆኑን ታውቂያለሽ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ።

1. «ጥልቅ ባህር» ብለሽ ሁሉንም በአንድ ጆንያ አትክተቺው። የኛ ጥፋት ይሄ ነበር። ከፎምና ከጄሶ የባህር ወለል ሠራን፣ ግድግዳውን ጥቁር ቀባን፣ «6,000 ሜትር» ብለን ጻፍንበት፣ ከዚያ ጭቃው ላይ 30 የጄሶ ብራኪዮፖድ እንደ ድንች ደረደርን። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ከዳኞቹ አንዲት ትልቅ ሴት ጎንበስ ብለው አዩና «እነዚህ ምን ይዘው ነው የቆሙት?» አሉ። ልጆቹ እኔን አዩኝ። እኔ ጄሶውን አየሁ።

ሴትየዋ ልክ ነበሩ። አብዛኛው ብራኪዮፖድ ከዛጎሉ ጫፍ በሚወጣ አጭር ዘንግ ጠንካራ ነገር ላይ ይጣበቃል። ድንጋይ፣ የሞተ ዛጎል፣ የቀዝቃዛ ውሃ ኮራል። ጭቃ ከሸፈነው ይታፈናል። («ሊንጉላ የሚባለው ብራኪዮፖድስ?» እንዳትይኝ። እሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ነው የሚኖረው፣ ያውም በአብዛኛው ውሃው ሸሽቶ በሚመለስበት ዳርቻ እንጂ ጥልቁ ውስጥ አይደለም።)

ታዲያ የት ነው? በኛ ሰፈር አስቢው። ከሱሉልታ ተነስተሽ በሜዳው ጎሐ ጽዮን ትደርሻለሽ፣ ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቅና ወደ አባይ በረሃ ትወርጃለሽ። አህጉርም ባህር ውስጥ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ሜዳ፣ ከዚያ ጠርዝ፣ ከዚያ ቁልቁለት፣ ከታች ደግሞ ማለቂያ የሌለው ጭቃ። ዛሬ በህይወት ካሉት 400 ገደማ ዝርያዎች አብዛኞቹ ያሉት ሜዳው፣ ጠርዙና የቁልቁለቱ አናት ላይ ነው። ሜዲትራኒያን ውስጥ ኮርሲካ ደሴት አጠገብ ግሪፉስ ቪትሬየስ የሚባለው ከ100 ሜትር ወረድ ብሎ ጠርዙ ላይ በብዛት ይኖራል። ለምን ጠርዙ? እዚያ የውሃው ፍሰት ጠንከር ይላል። ምግብ ያመጣለታል፣ ጭቃውን ይጠርግለታል።

እታች ስትወርጂም አለ፣ ግን 30 ተደርድሮ አይጠብቅሽም። ከ5,000 ሜትር በታች ሳይቀር የተገኘው ፔላጎዲስከስ አትላንቲከስ ስስ ነው፣ ከጣት ጥፍር አይበልጥም። ስሙ አትላንቲክ ይበል እንጂ ሌሎቹም ውቅያኖሶች ውስጥ አለ። ጭቃው መሃል ያገኛትን ጠጠር ወይም ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን ያለበት ድቡልቡል ድንጋይ ይዞ ይኖራል። ይቺን ልብ በይልኝ፣ እኔ ዘግይታ ነው የገባችኝ፦ የሱና የዘመዶቹ እጭ እየበላ ለረጅም ጊዜ ስለሚዋኝ ሩቅ ይደርሳል። የሌሎቹ የአብዛኞቹ እጭ ግን አይበላም፣ ቶሎ ብሎ እዚያው ወላጆቹ አካባቢ ያርፋል። ለዚህ ነው አንዱ ድንጋይ ላይ ተጨናንቀው ቀጣዩ ላይ አንድም የማታገኚው።

2. ሜትሩን ብቻ አትቁጠሪ፣ ጨለማውንም እይ። ኒውዚላንድ ፊዮርድላንድ በሚባለው አገር ዝናብ ከጫካው የሚያወርደው ውሃ ሻይ መስሎ ጨዋማው ላይ ይንሳፈፋል። ብርሃን እንደልብ አያሳልፍም። ስለዚህ ጥልቅ ውስጥ የምትጠብቂያቸው እንስሳት፣ ብራኪዮፖዶችም ጭምር፣ ጠላቂ ዋናተኛ በሚደርስበት ጥልቀት ገደሉ ላይ ተጣብቀው ይታያሉ። ቀይ ባህር ውስጥም ኮራሉ ሥር ባሉ ጨለማ ቀዳዳዎች ጥቃቅን ብራኪዮፖዶች አሉ። ቅርባችን ነው እኮ!

3. ናሙና አትግዢ። እኔ ከጅቡቲ መጣ የተባለ ዛጎል 1,800 ብር አውጥቼ ገዛሁ። ከደሞዜ። ኩራት ኩራት እያለኝ ክፍል ይዤው ገባሁ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መስኮቱ ጋ ወስዳ አገላበጠችውና «ቲቸር፣ ግራና ቀኙ አንድ አይደለም» አለችኝ። እውነትም ሁለቱ ክዳኖች እኩል ናቸው፣ አንዱን ክዳን ለብቻው ካየሽው ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ብራኪዮፖድ ተቃራኒው ነው። አንዱ ክዳን ከሌላው ይበልጣል፣ የትልቁ ጫፍ ላይ ዘንጉ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፣ ግራና ቀኙ ደግሞ እንደ ሰው ፊት ይመሳሰላል። ፈረንጆቹ የመብራት ዛጎል የሚሉት የጥንት የዘይት መብራት ስለሚመስል ነው፤ የኛን ኩራዝ እንኳ አይመስልም። እና 1,800 ብር የከፈልኩት ለተራ የባህር ዛጎል ነው።

4. ደብዳቤ ስትይዢ... ቆይ፣ ይሄን ልንገርሽ። እውነተኛውን ብራኪዮፖድ በዓይኔ ለማየት ብቻ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። መጀመሪያ «ደብዳቤ አምጣ»። አመጣሁ። «ማህተሙ ደብዝዟል»። አስደምቄ አመጣሁ። በሦስተኛው «ኃላፊው ፈቃድ ላይ ናቸው»፣ ያውም ሠራተኛዋ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች። ከሱሉልታ ሦስት ቀን ተመላልሼ በሩን አላለፍኩም። ተናድጄ በቀጣዩ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ጎሐ ጽዮን፣ ከዚያ ወደ በረሃው ወረድኩ። ከጥቁሩ ባዛልት ብዙ ወርደሽ የኖራ ድንጋዩ ጋ ስትደርሺ የብራኪዮፖድ ቅሪተ አካል ድንጋዩ ውስጥ ተሰክቶ ታዪዋለሽ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ማህተም የጠየቀኝ የለም። ፎቶ አንሺ እንጂ እንዳትነቅዪ፣ ያለ ፈቃድ መውሰድ ክልክል ነው። ፎቶው ሥርም «ጥልቅ ባህር» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ያኔ እዚህ የነበረው ባህር ጥልቀት አልነበረውም።

አምና በኤግዚቢሽኑ አንደኛ የወጣው፣ ለማወቅ ከፈለግሽ፣ በኮምጣጤ የሚፈላ እሳተ ገሞራ ነው። አሁንም አልተዋጠልኝም።

የጄሶዎቹ 28ቱ ቤት አሉ፣ ሁለቱን ልጄ ሰብራቸዋለች። ሱሉልታ ከመጣሽ ውሰጃቸው። ድንጋይ ግን ራስሽ ፈልጊላቸው።