ጂኦጀብራን ስለመጫንና ስለመጠቀም፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን የሒሳብ መምህር ነኝ። ኮምፒውተር ላይ ግራፍ ስለሚሥለው ነጻ ፕሮግራም፣ ስለ ጂኦጀብራ፣ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ብርዱ ከጋቢ በታች ቢያስገባኝም መብራት ሳይሄድ የቻልኩትን መልሻለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ ቲቸር፣ የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች አሮጌ ናቸው፤ ኢንተርኔትም የለም። የትኛውን ልጫን?

ክላሲክ 5 የሚባለውን የጂኦጀብራ እትም። ክላሲክ 6 መልኩ ያምራል፣ ግን ውስጡ ብራውዘር ስለሆነ ሚሞሪ ይበላል፤ አሮጌ ማሽን ላይ ያቃስታል። 5ቱ የሚያስፈልገውን ጃቫ ይዞ ስለሚመጣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስትደርስ አውርደህ በፍላሽ ውሰደው። የኮምፒውተሩን የአድሚን ፓስወርድ የሚያውቅ ሰው ከጠፋ (ሁሌም ይጠፋል) ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሠራም አለ፤ ፖርታብል የሚለውን ፈልግ።

የምታወርደው ግን ከራሱ ከጂኦጀብራ ድረ ገጽ ይሁን። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ከሌላ ቦታ፣ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ካለበት ገጽ አወረድኩና ያልጠራሁት ማስታወቂያ ላፕቶፔን ወረረው። ሙሉ ቅዳሜዬን በላብኝ።

ከዓለም ከተማ፦ ክራኩን ከየት አገኛለሁ?

ክራክ (የሚሸጥን ፕሮግራም ሳይከፍሉ የሚያስከፍት መላ) የለውም፣ አያስፈልገውምም። ለትምህርት በነጻ ነው። በ2001 በኦስትሪያ የሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ማርኩስ ሆኸንቫርተር ለማስተርስ ጥናቱ የጀመረው ሥራ ነው። ክራክ ብሎ የሚሰጥህ ሰው ካለ ቫይረስ ነው የሚሰጥህ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ቲቸር፣ የ30 ሳይን ግማሽ ነው ብለውን አልነበር? ኮምፒውተሩ ግን -0.99 አለኝ። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም እኅቴ፣ ሌላ ጥያቄ ነው የመለሰልሽ። ባዶ 30 ስትጽፊለት 30 ራዲያን ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ራዲያን ሌላው የማዕዘን መለኪያ ነው፣ ሙሉ ዙር 6.28 ራዲያን ያህል ነው። 30 ራዲያን ማለት አራት ጊዜ ሙሉ ዞሮ አምስተኛው ዙር ላይ የሚገኝ ማዕዘን ነው። ዲግሪ ከፈለግሽ የዲግሪዋን ትንሽ ክብ ከ30 ቀጥሎ አስገቢ፤ ዊንዶውስ ላይ አልትን ይዘሽ የእንግሊዝኛውን ኦ ፊደል መንካት ነው። ያኔ 0.5 ይልሻል። መልሱ ሁለት የአስርዮሽ ቤት ብቻ የሚያሳየው ደግሞ ከመጀመሪያው እንደዚያ ስለተስተካከለ ነው፤ ኦፕሽንስ ውስጥ ራውንዲንግ ላይ ጨምሪው።

ከእነዋሪ፣ የሥራ ባልደረባ፦ መምህር፣ ለ11ኛ ክፍል ራሽናል ፋንክሽን ላሳይ ብዬ ኤክስ+1/ኤክስ-1 ብጽፍ መጽሐፉ ላይ ያለው ግራፍ አልመጣልኝም። ምን አጥፍቼ ነው?

ቅንፍ ነው የጎደለዎት። እርስዎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ የክፍልፋዩ መስመር ራሱ ቅንፍ ይሆንልዎታል፤ በአንድ መስመር ሲጻፍ ግን ኮምፒውተሩ መሃል ያለችውን 1/ኤክስ ብቻ ነው የሚያካፍለው። (ኤክስ+1)/(ኤክስ-1) ብለው ይጻፉ። ማመሳከሪያ ቢፈልጉ ኤክስን 3 ያድርጉት፦ በቅንፍ 2 ይመጣል፣ ያለ ቅንፍ 2.33።

እግረ መንገዴን፣ (ኤክስ^2-1)/(ኤክስ-1) ቢያስገቡ ቀጥ ያለ መስመር ይሥልልዎታል፤ ኤክስ 1 ላይ በዜሮ ማካፈል ስለሚሆን መልስ የለም፣ እዚያ ያለችው ቀዳዳ ግን አትታይም። ተማሪ «ይኸው ሙሉ ነው» ብሎ እንዳይሞግትዎ ፋንክሽኑን ኤፍ ብለው ሰይመው ኤፍ(1) ይጠይቁት። የጥያቄ ምልክት ይመልሳል። ክፍል ውስጥ ከዚያች ምልክት በላይ ያስረዳልኝ ነገር የለም።

ከደብረ ሲና፦ ኳድራቲክን በአካባቢያችን ነገር እንዴት ላስተምር?

ጣርማበር አጠገብዎ እያለ! ልጅ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ድንጋይ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ ይወርውር። የመሬት ስበትን 10 ብለን ብንወስድ ከፍታው -5ኤክስ^2+20ኤክስ ነው፤ ኤክስ ሴኮንድ ነው። ይህን ጽፈው ኢንተር ሲሉ ጫፉ ከስክሪኑ በላይ ስለሚሆን ልጆቹ «ጠፋ» ይላሉ፤ የማውሱን ጎማ ወደ ኋላ ማዞር ነው። በ2ኛው ሴኮንድ 20 ሜትር ይደርሳል፣ በ4ኛው ወደ አፋፉ ቁመት ይመለሳል።

ከዚያ ይጠይቋቸው፦ ከ4 በኋላ ከዜሮ በታች የወረደው መስመር ምንድን ነው? ኳስ ሜዳ ላይ ቢሆን ትርጉም የለውም፣ ድንጋዩ መሬት ነክቷል። ጣርማበር ላይ ግን ድንጋዩ ገና ወደ ገደሉ እየወረደ ነው! ቀመሩ ያው፣ የሚያበቃበት ቦታ ግን ሌላ። ለሜዳው፣ ፋንክሽን የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ጽፈው በቅንፍ ውስጥ ቀመሩን፣ 0ን እና 4ን በኮማ ለያይተው ያስገቡ፤ መስመሩ 4 ላይ ይቆረጣል።

ከዚያው ከደብረ ብርሃን፦ ክብ ሥዬ እንቁላል ሆነብኝ።

የሁለቱ አክሲስ ልክ ተዛብቶ ነው። ባዶው ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ 1፡1።

ከሰላድንጋይ፦ ግራፉን የፈተና ወረቀት ላይ እንዴት ላስገባ? እስካሁን በእጄ ነበር የምሥለው።

ክላሲክ 5 ላይ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የእንግሊዝኛውን ሲ ፊደል አንድ ላይ ይጫኑ፤ ወርድ ይክፈቱና ፔስት ያድርጉ። በቀለም አይተማመኑ፣ ማባዣው ሁሉንም ጥቁር ያደርገዋል። ሁለት ግራፍ ካለ አንዱን ነጠብጣብ ያድርጉት።

ከአንኮበር፦ ልጄ ዊንዶውስ 10 ያለው ላፕቶፕ አለው፣ ምንም መጫን አይፈልግም። ሌላ መላ አለ?

ከ2020 ወዲህ አፕዴት የተደረገ ከሆነ የዊንዶውሱ የራሱ ካልኩሌተር ግራፍ ይሥላል፤ በግራ በኩል ያሉትን ሦስት መስመሮች ነክቶ ግራፊንግ የሚለውን ይምረጥ። ኢንተርኔት ካለ ዴስሞስ የሚባለው ሌላ ግራፍ መሣያ በብራውዘር ይከፈታል፣ አያያዙም ከሁሉም ይቀላል። ገጹ አንዴ ከተከፈተ ኔትወርኩ ቢሄድም መሣሉን አያቆምም፤ ብቻ ገጹን እንዳይዘጋው።