የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መንኮራኩሬ አልቆም አለችኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ጠባሴ አካባቢ ነው። በቅርቡ ገና በሙከራ ደረጃ ላይ ያለና በነጻ የሚወርድ የጠፈር ውጊያ ጌም ጀምሬአለሁ፤ መንኮራኩሯ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ እጅና እግር አውጥታ ሰው መሰል ግዙፍ ሮቦት፣ ማለትም ተጫዋቾች «ሜክ» የሚሉት ዓይነት ትሆናለች። ችግሬ ሁለት ነው። ጠላት ጋ ስደርስ መንኮራኩሯ አልቆም ስለምትለኝ አልፌው እሄዳለሁ፣ ዞሬ ስመጣም እንደገና አልፈዋለሁ፣ ጥይቴም አያገኘውም። በዚህ ላይ ጌሙን አፕዴት ሳደርገው ያጠራቀምኩት መሣሪያ ሁሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ጌሙ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ ያልቻልኩበት? ዳታ እየገዛሁ ልቀጥልበት ወይስ ልተወው?

መልስ፦ መንኮራኩርዎ የማትቆመው የጌሙ ሠሪዎች የኒውተንን የመጀመሪያ የእንቅስቃሴ ሕግ ስላከበሩ ይመስለኛል። ምድር ላይ መኪና ነዳጅ ሲነሳበት ቀስ እያለ የሚቆመው መንገዱና አየሩ ስለሚይዙት ነው፤ ጠፈር ላይ የሚይዝ ነገር ስለሌለ ጣትዎን ከቁልፉ ሲያነሱ የሚጠፋው ሞተሩ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። በርካታ የጠፈር ጌሞች ለተጫዋቹ እንዲቀልለት ሰው ሠራሽ ፍሬን ስለሚያስገቡ፣ በእነዚያ የለመደ እጅ እዚህ ሲመጣ ግራ ይጋባል። ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ በፒዲፒ-1 ኮምፒውተር ላይ የተሠራው «ስፔስዋር» የተባለ ጌም መንኮራኩሮቹን እንዲሁ ያንሸራትት ነበር፣ ያውም መሐል ላይ ያለች ኮከብ ወደ ራሷ እየሳበቻቸው።

በቁጥር እንየው። ሞተርዎ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሰከንድ 10 ሜትር የሚጨምር ቢሆንና ቁልፉን ለ6 ሰከንድ ቢይዙት፣ ፍጥነትዎ በሰከንድ 60 ሜትር ይደርሳል። ለመቆም አፍንጫዋን ወደ መጡበት አዙረው ሞተሩን ያንኑ 6 ሰከንድ መያዝ አለብዎት፤ በዚህ ጊዜ ውስጥም 180 ሜትር ወደፊት ይንሸራተታሉ። ፍጥነቱን እጥፍ አድርገው በሰከንድ 120 ሜትር ከመጡ ግን ለመቆም የሚፈጀው ርቀት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ማለትም 720 ሜትር ይሆናል። እርስዎ ጠላቱን አልፈው የሚሄዱት እዚህ ላይ ነው፤ ጠላቱ በግልጽ ከታየዎት በኋላ መቆም መጀመር ዘግይቷል። መንገዱን ከሁለት ከፍለው ግማሹን እየገፉ፣ ግማሹን ጀርባዎን ሰጥተው ፍጥነት እየቀነሱ ይሂዱ።

ከዚህም የሚበልጠው ነገር ጨርሶ ለመቆም አለመሞከር ነው። ጠላትዎም እየበረረ ነውና የእርሱን አቅጣጫና ፍጥነት ከያዙ በመካከላችሁ ያለው ርቀት አይለወጥም፤ ከእርስዎ አንጻር የቆመ ያህል ነው። ወደ ሜክነት መለወጥ የሚገባውም በዚያ ሰዓት ይመስለኛል። በእንዲህ ዓይነት ጌሞች መንኮራኩሯ ዋናው ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለግስጋሴ ትሆናለች፤ ሜኩ ደግሞ በፍጥነት ቢያንስም ወደ ጎንም ወደ ላይም መገፋት ይችላል፣ ክንዱም ሰውነቱ ከሚሄድበት አቅጣጫ ውጭ ማነጣጠር ይችላል። በሙሉ ፍጥነት ላይ ሆነው መለወጥ ግን ያው የተወረወረ ሮቦት መሆን ነው።

ጥይቱን በተመለከተ፣ 600 ሜትር ላይ ያለን ጠላት በሰከንድ 1,200 ሜትር በሚበር ጥይት ቢተኩሱበት ጥይቱ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል። ጠላቱ ከእርስዎ አንጻር በሰከንድ 80 ሜትር ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ በዚያች ግማሽ ሰከንድ 40 ሜትር ስለሚርቅ፣ ማነጣጠር ያለብዎት ከፊቱ 40 ሜትር ላይ ነው። ፍጥነታችሁ ሲስተካከል ይህ ስሌት ራሱ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

የጠፋውን ንብረት በተመለከተ የማጽናናዎት ነገር የለኝም። በአልፋ፣ ማለትም በመጀመሪያ የሙከራ ደረጃ ላይ ያለ ጌም የመሣሪያዎቹን ዝርዝርና የሴቩን (የደረሱበትን የሚያስቀምጠውን ፋይል) አደረጃጀት በየጊዜው ስለሚለውጥ፣ አዲሱ ቨርዥን የቀድሞውን ፋይል ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። ጌሙ የሚያስቀምጠው በራስዎ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ከአፕዴት በፊት የሴቩን ፎልደር፣ ከእርሱም ጋር የቀድሞውን የጌሙን ቅጂ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ አንዱ ያለ ሌላው ላይሠራ ይችላልና። በሠሪዎቹ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ይህም አይረዳም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጌም በረራውን ለመልመድ ይጫወቱት እንጂ ሀብት ለማከማቸት አይጫወቱት፤ በገንዘብ የሚሸጥ የጌም ዕቃ ቢያቀርቡልዎትም እስኪጠናቀቅ ድረስ አይግዙ።

ልቀጥል ወይ ላሉት፣ የመጨረሻው አፕዴት መቼ እንደወጣ ይዩ። በቅርብ የወጣና ምን እንደተስተካከለ በዝርዝር የሚናገር ከሆነ ዳታው አይቆጭም፤ ለወራት ድምፁ ከጠፋ ግን ይተዉት። ጌሙ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ላይ ካለ ከዚያ ያውርዱት፤ በአብዛኛው የተለወጠውን ክፍል ብቻ ስለሚያወርድ ሙሉውን ደጋግሞ ከመጫን ያድናል፣ የሌሊት ጥቅል ሲጨመርበትም ወጪው ይቀላል። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞር ቅጂ፣ በተለይም የኮምፒውተሩን የቫይረስ መከላከያ አጥፉ የሚል፣ አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ እኔም ይህን መሰል የሜክ ጌም የምጫወተው ሸዋ ሮቢት ሆኜ ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ወንድሜ በተመሳሳይ ላፕቶፕ ያለ ችግር ሲጫወት፣ የእኔ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይንቀራፈፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቆላው ሙቀት ነው። አብዛኞቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጉ እንዳይቃጠሉ ራሳቸውን ያዘገያሉ፤ የወንድምዎ ላፕቶፕ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ብርድ ውስጥ ስለሚሠራ እዚያ ላይ ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል። (እርሱም ቢሆን አልጋ ላይ ባና አንጥፎ ላፕቶፑን ከላዩ የሚያስቀምጥ ከሆነ የአየር ማስገቢያው ስለሚታፈን በቅርቡ እንደ እርስዎ መጠየቁ አይቀርም።) ላፕቶፕዎን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርገው ከኋላ በኩል በሁለት መጻሕፍት ከፍ ያድርጉት፣ የማራገቢያውን የአየር መውጫ አቧራም ያስጠርጉ። ያልተጠናቀቁ ጌሞች ማሽኑን እንዲቆጥቡ ገና ስላልተስተካከሉ የሚያሳዩትን ፍሬም (በተከታታይ የሚታየውን ምስል) ያለ ገደብ ማምረታቸው የተለመደ ነው፤ በማስተካከያው ውስጥ የፍሬሙን መጠን በሰከንድ 30 ላይ ይገድቡት፣ ሪዞሉሽኑን (የምስሉን ጥራት) ወደ 720 ያውርዱ፣ ጥላውንና የፍንዳታውን ጭስ ወደ ዝቅተኛ ያድርጉ። ከዚያ በኋላም የሚንቀራፈፍ ከሆነ የጌሙን ቨርዥን ቁጥር፣ የላፕቶፑን ዓይነትና በየትኛው ውጊያ ላይ እንደተንቀራፈፈ ጽፈው ለሠሪዎቹ ይላኩ።