በየትኛው ልጀምር ላለችኝ ወጣት

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ቤታችን ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ጋሼ፣ ሳንቲም መሰብሰብ ልጀምር አስቤአለሁ፤ በየትኛው ብጀምር ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። በዕለቱ የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ጥያቄዋ ግን ሌሊቱን አላስተኛኝም፤ ይህንንም የምጽፈው ለእርሷና እንደ እርሷ ለሚጠይቁ ሁሉ ነው።

በ1973 ዓ.ም. ሥራ ከጀመርኩ ዓመት ያልሞላኝ ሒሳብ መርማሪ ሳለሁ፣ ለሁለት ወር ያህል ደሴ ተላክሁ። ከሥራ ስወጣ ገበያውን መዞር እወድ ነበር። በአንዱ ቀን ከአንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። አንድ ልጅ ወናፍ ይነፋል፤ ሽማግሌው ደግሞ ከእንጨት ሣጥን ውስጥ ብር እያነሡ በሚዛን ያስቀምጣሉ። ጎንበስ ብዬ ብመለከት ሣጥኑ ግማሽ ድረስ በድሮ ገንዘብ ተሞልቷል፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር (ማርትሬዛ) አለ፣ የምኒልክ ብር አለ፣ የእርሱም ግማሽ የሆነው አላድ፣ ሩብና ስምንተኛው ተሙን አለ። አንዳንዶቹ ለአንገት ጌጥ ሲባል ቀለበት የተበየደባቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከመዳሰስ ብዛት የአንበሳው ጋማ ጠፍቶባቸዋል። ሁሉም ለመስቀልና ለአምባር ሊቀልጡ የተዘጋጁ ነበሩ።

አንጥረኛው ዓይኔ መቅረቱን አይተው፣ «ልጄ፣ ከፈለግህ እሳት ሳይነካቸው ምረጥ፤ ለእኔ ሁሉም ብር ነው፣ በሚዛን እሸጥልሃለሁ» አሉኝ። ይህ ምን ዓይነት ዕድል እንደነበረ የገባኝ ካለፈ በኋላ ነው። ዋጋው በክብደት ስለነበር፣ በአንድ ጠገራ ብር ሒሳብ ሁለት አላድ ወይም አራት ሩብ ማንሣት እችል ነበር። ኪሴ ውስጥ የነበረው ገንዘብ ለአምስት ጠገራ ብር ይበቃል። አንዱን አላድ አንሥቼ ወደ ብርሃን አስጠጋሁት፤ የቄስ ትምህርት ቤት ያለፍኩ ስለሆንኩ ፲፰፻፹፱ (1889) የሚለውን ለማንበብ አልተቸገርኩም። ጠገራው ላይ ደግሞ 1780 የሚል ተጽፏል። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንዱ በእኛ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አስቤ፣ አስተካክዬ ቀነስኩና ጠገራው ቢያንስ በ116 ዓመት ይበልጣል ብዬ ደመደምኩ። አላዱን መልሼ ሣጥኑ ውስጥ ጣልኩት። ከዓድዋ ድል ማግሥት ባለው ዓመት የታተመውን የገዛ አገሬን ገንዘብ መልሼ፣ ከጠገራዎቹ መካከል በጣም የሚያብረቀርቁትን አምስት መርጬ ከፍዬ ሄድኩ።

አዲስ አበባ ስመለስ ለአንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ በኩራት አሳየሁት። እርሱም ሳቀና፣ «1780 ያልተጻፈበት ማርትሬዛ የት አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀርቷል፤ ምክንያቱም በእኛና በዐረቡ አገር ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም ነበር። ጣሊያን እንኳ በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ የማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ተቀብላ፣ 1780 የሚለውን ዓመት ሳትነካ ሮም ላይ አትማለች። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስም አትመዋል። የሌላውን ሰው ሰነድ ማመሳከር እንጀራዬ የሆነው እኔ፣ የራሴን ግዢ የተጻፈበትን ቁጥር ብቻ አምኜ ፈጸምኩት ማለት ነው።

ከስድስት ወር በኋላ ደሴ ስመለስ ሣጥኑ ባዶ ነበር። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መስቀሎች በአገጫቸው አሳዩኝና፣ «እነዚያው ናቸው» አሉኝ። አንዱን ገዛሁ።

ለጠያቂዋ ልጅ እንግዲህ የምለው ይህ ነው፤ የምትመርጪው ዘርፍ ጠባብ ይሁን፣ በላዩ የተጻፈውን ራስሽ ማንበብ የምትችይው ይሁን፣ የተጻፈውን ዓመት ደግሞ ቶሎ እውነት ነው ብለሽ አትቀበዪ። ዓመተ ምሕረት የሚያሳስተው ጠገራ ብር ላይ ብቻ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ምስል የያዙት፣ ከ1 እስከ 50 ሳንቲም ያሉት አምስቱ በሙሉ ፲፱፻፴፮ (1936) ይላሉ፤ ለብዙ ዓመታት ሲታተሙ ግን ዓመቱ አልተለወጠም። በዓመት እየለየሁ እሰበስባለሁ የሚል ሰው በዚህ ዘርፍ ገና ሳይጀምር ይጨርሳል። ይልቁንስ 25 ሳንቲሙን ተመልከቺ። በመጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ፤ ከመዳብ ቢሠራም መጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ፣ ብር እየቀቡ በ50 ሳንቲም ሒሳብ የሚያሳልፉት ሰዎች ተገኙ። ስለዚህ ክቡ ከገበያ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ የተሸነሸነው ወጣ። እናቴ ስሙኒና ሽልንግን በመሐረቧ ጫፍ ቋጥራ ስትይዝ፣ ሳትመለከት በጣቷ ዳስሳ ትለያቸው እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ያ የተሸነሸነ ጠርዝ ለእርሷ ዓይን ነበር።

ገንዘብ የሌለው ተማሪ 1969 የሚል ዓመት ከተጻፈባቸው ሳንቲሞች ይጀምር። አንዱ ፊታቸው ላይ የአንበሳ ራስ አለ፤ በሌላው በኩል 1 ሳንቲሙ ገበሬ በበሬ ሲያርስ፣ 10 ሳንቲሙ የደጋ አጋዘን ያሳያል። ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የታተሙት በተለያዩ አገሮች ማተሚያ ቤቶች ስለሆነ፣ የአንበሳው ራስ መጠንና የአገጩ ጢም አሠራር ይለያያል። በማጉያ መነጽር አንድ ምሽት መቀመጥ ለሚችል ሰው ይህ ብቻውን በቂ ሥራ ነው። የዛሬ ወጣት ግን አንድ ምሽት የሚቀመጥ አይመስለኝም፤ ሳንቲሙን ገልብጦ ሳያይ በስልኩ ፎቶ ያነሣና «ስንት ያወጣል?» ይላል። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈውን ዓመት እንዳነብለት ሳንቲም ይዞ የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ አጋጥሞኛል፤ ያሳዝነኛል። የግዕዝ ቁጥር ለመማር ከአንድ ከሰዓት በኋላ በላይ አይፈጅም።

ስለ አክሱም ሳንቲም የሚጠይቁኝም አሉ። ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምሮ ያለውን ተከታትሎ፣ በኢዛና ሳንቲም ላይ የጨረቃዋ ምልክት ቀርታ በቦታዋ መስቀሉ ሲተካ ማየት ልብ ያሞቃል፤ መጀመሪያ ላይ ግን አትንኩት እላለሁ። ቅርስ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚመለከተው ነው፤ በተለይ ውጭ አገር የምትኖሩ፣ ለእረፍት መጥታችሁ ከጎዳና የገዛችሁትን በሻንጣ ይዤ እወጣለሁ እንዳትሉ። ሐሰተኛውም ብዙ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሄዳችሁ በዓይን መጥገብ ይሻላል። አያያዙን፣ አለማጠቡን፣ ማስቀመጫውን ደግሞ ማንም ስለሚነግራችሁ አልደግመውም።

ከላይ ጠገራ በመምረጤ ራሴን ወቅሻለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን አንድ የማፍርበትም የምደሰትበትም ነገር ገጠመኝ። አምስቱን ጠገራዎች በጥሩ መነጽር ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ የዕንቁዎቹ አቀማመጥ፣ የንስሩ ጅራት ላባና የፊደሎቹ ውፍረት ከአንዱ አንዱ ይለያል፤ ቢያንስ ከሦስት ማተሚያ ቤት የወጡ ናቸው ብዬ አምናለሁ። አባቶቻችን ገበያ ላይ ዕንቁዎቹን እየቆጠሩ ይቀበሉ የነበረው ለካ በከንቱ አልነበረም። እንግዲህ «የማይረባውን መረጥኩ» ብዬ 40 ዓመት ያዘንኩበት፣ ራሱን የቻለ ሙሉ ዘርፍ ሆኖ ተገኘ፤ አንዲት ልጅ መጥታ ጠገራ ብር ብቻ እሰበስባለሁ ብትለኝ የምከለክላት አይመስለኝም። አላዶቹ ግን አሁንም ይቆጩኛል።

ከደሴው አንጥረኛ የገዛሁትን መስቀል ባለፈው ሳምንት መዘንኩት፤ 41 ግራም ነው። አንድ አላድ 14 ግራም ስለሚመዝን ሦስቱ 42 ይሆናሉ፤ አንድ ጠገራ 28 ስለሆነ ከአንድ አላድ ጋር ቢደመርም 42 ነው። በማቅለጥና በመሞረድ አንዷ ግራም ጎደለች ብንል፣ ሒሳቡ በሁለቱም በኩል ይገጥማል።