ሃይላንድ ውስጥ ያለው ሁሉ ውሃ አይደለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሀዋሳ፣ አቶቴ ነው። ባለፈው እሁድ የአከራዬ የ3 ዓመት ልጅ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሃይላንድ አንስቶ ተጎነጨ። ውስጡ ለትኋን የተበጠበጠ ማላታይን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለሃጩ ተዝረበረበ፣ አስመለሰው፣ ከዚያ መንዘፍዘፍ ጀመረ። አንዷ ወተት ጋቱት ትላለች፣ ሌላዋ ክብሪት ጭራ አፍንጫው ስር ያዘች፣ እኔ በማንኪያ ጥርሱን ልፈለቅቅ እታገላለሁ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው፤ ተመስገን፣ ተርፏል። ያደረግነው ልክ ነበር? ጎረቤት ደግሞ «የሚጥል በሽታ ይዞታል» እያለ ነው።

መልስ፦ እንኳን ተረፈላችሁ፣ እህቴ። ልክ የነበረው ባጃጁ ነው። 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቶሎ ከመጣ ጥሩ፣ ካልመጣ ባጃጅም መኪና ነው።

ነርቭ ጡንቻንና እጢን የሚያዝበት ኬሚካል አለ። ሥራውን ሲጨርስ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ማላታይን ስለሚዘጋው ትእዛዙ ማቆሚያ ያጣል። ለሃጭ፣ እንባ፣ ላብ፣ ሽንት፣ ተቅማጥ፣ ሁሉም ይፈሳል። የዓይኑ ብሌን ጠብቦ ጤፍ ያክላል። ቆዳው ስር ጡንቻው እርግብግብ ይላል። የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሹ ነው፤ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል፣ የመተንፈሻ ጡንቻም ይደክማል። ስለዚህ አትሮፒን ደጋግመን እንሰጣለን፣ ደረቱን እያዳመጥን፣ ያ የሚንቦጫቦጭ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ። መንዘፍዘፉን ደግሞ በዲያዜፓም እናቆማለን። ስኳሩንም ጣቱን ወግተን እናያለን፣ የሚንዘፈዘፍ ልጅ ሁሉ ስኳሩ ሳይታይ አይታለፍም።

ወተቱ መርዙን አያረክስም። እየተንዘፈዘፈ ላለ ልጅ ሲጋት ደግሞ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ጣት ከቶ ማስመለስም እንደዚያው፣ በተለይ ላምባ ወይም በረኪና ከሆነ ጭራሽ አይሞከርም። ይልቅ ልብሱን አውልቁለት፣ ገላውን በሳሙናና በውሃ እጠቡት፣ ምክንያቱም ማላታይን በቆዳም ይገባል (እናንተም ጓንት ከሌለ እጃችሁ ላይ ፌስታል አጥልቁ)። መርዙ የነበረበትን ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ምልክት የሌለው ሃይላንድ ሲመጣልን ግራ ይገባናል፤ ከየት እንደተገዛና ሻጩ ምን ብሎ እንደሸጠው ንገሩን።

ለመንዘፍዘፉ በጎን አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ስር ነጠላ አጣጥፋችሁ አድርጉ፣ ሰዓት ተመልከቱ። ምላስ አይዋጥም፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል እንጂ። የክብሪቱን ነገር ስንቱ ይምልበታል! አብዛኛው መንዘፍዘፍ ግን በአንድ ሁለት ደቂቃ በራሱ ይቆማል፣ ክብሪቱ ስሙን ይወስዳል። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ግን ሩጡ። መርዝ ከተጠረጠረ ደግሞ አንድ ደቂቃም አትጠብቁ።

የሚጥል በሽታ የሚባለው ያለ መርዝ፣ ያለ ትኩሳት፣ እንዲሁ ሲደጋገም ነው። የዚህ ልጅ መንዘፍዘፍ ምክንያቱ በረንዳው ላይ ነበር። ስሙን አታውጡበት። ይልቅ ከተመረዘ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ አንገቱን ማንሳት ካቃተው ወይም ትንፋሹ ከከበደው፣ የዳነ ቢመስልም መልሳችሁ አምጡት።

ለትኋኑ የፈላ ውሃ የአልጋው ስንጥቅ ውስጥ አፍስሱበት። ልጁን ከአጠገቡ አርቁ፣ የፈላ ውሃም የራሱ ጣጣ አለው።